አባ ፈትሽ እና የሚስቱ «እንጃ»

ልብስ ሰፊው ደህና ስም ነበረው፤ እናትና አባቱ ያወጡለት፣ መታወቂያው ላይ የተጻፈ። ሰፈሩ ግን ያንን ስም ከረሳው ቆይቷል። «አባ ፈትሽ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት ከሱቁ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በመስታወቱ ውስጥ እሱን ሲያይ ይውላልና። አንዲት ጉርድ ተሰፍታ ካለቀች በኋላ አባ ፈትሽ ሲያገላብጣት፣ ሲዳብሳት፣ ወደ ብርሃን ሲያነሳት፣ መልሶ ሲያወርዳት ያያል። ሁለት ራስ ተላጭቶ፣ አንድ ጺም ተስተካክሎ፣ ጉርዷ አሁንም ትዳበሳለች። «ይሄ ሰውዬ ልብስ ነው የሚሰፋው ወይስ ኬላ ነው የሚጠብቀው?» አለ አንድ ቀን። ከዚያ ወዲያ ስሙ ጸደቀ።

እጁ ግን ወርቅ ነበር። ይህን ጠላቱም አይክድም፤ ደግሞም ጠላት የለውም። እሱ የሰፋው ኮት ትከሻው ላይ አንዲት ሽብሽብ አይገኝበትም። ቦርጫሙን ሸንቃጣ፣ ጎባጣውን ቀጥ ያለ ያስመስላል። ችግሩ መስፋቱ ላይ አልነበረም፤ ማስረከቡ ላይ ነበር። በሱቁ ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተዘረጋው የብረት ዘንግ ላይ ያለቀላቸው ልብሶች ተጠጋግተው ተሰቅለዋል። አንድ የሙሽራ ሙሉ ልብስ አለ፤ ሙሽራው በውሰት ልብስ አግብቶ አሁን ሁለተኛ ልጁን እየጠበቀ ነው። አንድ የእርግዝና ቀሚስ አለ፤ ልጁ ተወልዶ ዳዴ ይላል። ደንበኛ መጥቶ «ደረሰልኝ?» ሲል መልሱ ምንጊዜም አንድ ነው፤ «አልቋል፤ አንዴ ልየውና ነገ ውሰድ።» ነገ የሚባለው ቀን ግን እዚያ ሱቅ ደጃፍ ደርሶ አያውቅም።

ሲፈትሽ የሚፈልገው ስፒል ነበር። ልብስ ሰፊ ሁለት ጨርቅ የሚያያይዝባት፣ ራሷ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ፣ ቀጭን ስፒል። አርባ ስፒሎች ነበሩት፤ በአሮጌ የከረሜላ ቆርቆሮ ያስቀምጣቸዋል። ልብስ ሲያልቅ ቆርቆሮውን ገልብጦ ይቆጥራል። አርባ ከሞላ፣ እሰየው። ግን ልቡ «በትክክል ቆጥረሃል?» ይለዋል። ይደግማል። ሦስተኛው ላይ ሰው ገብቶ «እንደምን ዋልክ» ካለው ቆጠራው ፈረሰ፤ እንደገና ከአንድ። ቀጥሎ ማግኔት አንስቶ ስፌቱን ሁሉ ያዳርሳል። ቀጥሎ በመዳፉ ሰባት ጊዜ ይዳብሳል። ይህ ሁሉ አልቆ ደግሞ ሚስቱን ይጠራል።

ሚስቱ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ቁልፍ ስትተክል፣ ጠርዝ ስትጠቅም ነው የምትውለው። ይህች ሴት በሕይወቷ «አላውቅም» ብላ አታውቅም። ዝናቡ መቼ እንደሚጥል፣ የማን ልጅ ማንን እንደሚያገባ፣ የፀጉር አስተካካዩ የራሱ ፀጉር ለምን እንደተመለጠ፣ ሁሉንም ታውቃለች። ባሏም ይህን እውቀቷን በቀን ሃያ ጊዜ ይጠቀምበታል።

«ስፒል የለበትም አይደል?»

«የለበትም።»

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ አልኩህ!»

ሦስቱም መልስ ደህና ሆኖ መነገር አለበት። በሦስተኛው ላይ ድምጿ ትንሽ ሰለቸት ካለ አለቀ፤ ከቆርቆሮው ይጀመራል።

ሞኝ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሰባተኛውን ሲዳብስ ስፒል እንደሌለ ያውቃል። እያወቀ ነው የማያርፈው፤ የሚያሳፍረውም ይኸው ነው። እጁን ከልብሱ ባነሳ ቁጥር ዓይኑ ላይ አንድ ነገር ይደቀንበታል፦ የሕፃን አንገት፣ አንዲት የደም ጠብታ፣ ጩኸት። ያ ሥዕል እስኪጠፋለት ይፈትሻል። ሲፈትሽ ይጠፋል። አንድ ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ ደግሞ ይመጣል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲሰፋ እንዲህ አልነበረም። የተጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት፣ አንዲት ልጁ ሴት ልጅ ስትወልድ ነው። ለልጅ ልጁ መዳፍ የምታክል ኮት ሰፋ። ወረቀት ጠቀለለባት፣ ክር ሊያስርባት ሲል አንድ ሐሳብ ሽው አለበት፤ «አንዲት ስፒል ቀርታ ቢሆንስ?» ፈታው፤ አየ፤ የለም። አሰረው። «ቢሆንስ?» ፈታው። ሲፈታና ሲያስር ወረቀቱ ተቀደደ፣ ክሩም ተበጠሰ፣ ቀኑም መሸ። ኮቷ መሳቢያ ገባች። በዓመቱ ከፍ ያለች ኮት ሰፋ፤ እሷም መሳቢያ ገባች። በሁለተኛው ዓመት ሌላ። ሦስት ኮቶች፣ ትንሿ ከታች፣ ትልቋ ከላይ፣ ልጅቷ ያላደገችባቸው ኮቶች።

ኮቶቹስ ይሁኑ። የከፋው እሷንም አቅፎ አለማወቁ ነው። ልብስ ሰፊ ሲሠራ ሸሚዙ ደረት ላይ ስፒል ይሰካል፤ የሙያው ልማድ ነው። አባ ፈትሽ መሰካቱን ተወ። ከዚያ ልጅቷ በምትመጣበት ቅዳሜ ሸሚዝ መቀየር ጀመረ። ከዚያ ሁለት ጊዜ መቀየር። በመጨረሻ ጠረጴዛ መሃላቸው አድርጎ፣ ሁለት እጁን ከጭኑ ሥር ቀብሮ፣ ከማዶ ሆኖ ይስቅላት ጀመር። «ወዲያ በይ የኔ እናት፣ አባባን ስፒል ይወጋል» ይላታል። ልጅቷ መጀመሪያ እጇን እየዘረጋች ታለቅስ ነበር። አንድ ቅዳሜ መዘርጋቱን ተወችው። መጣች፣ ከጠረጴዛው ማዶ ቆመች፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለችውና ወደ ሴት አያቷ ሄደች። ያን ቀን አባ ፈትሽ ጓዳ ገብቶ፣ ካውያውን አስግሎ ልብስ የሚተኩስ መስሎ አለቀሰ።

ይህ ሆኖ ሳለ ልጁ አንድ ቅዳሜ ዜና ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ከሦስት ወር በኋላ መዋዕለ ሕፃናት ትገባለች። ቀይ ኮት ካልሆነ አልሄድም አለች። ባለ ሁለት ኪስ። ከገበያ ልግዛልሽ ብላት አሻፈረኝ፤ አንተ እንድትሰፋላት ነው የምትፈልገው።»

«እሰፋላታለሁ! ለሷ ያልሰፋሁ ለማን ልሰፋ!» አለ።

ልጅቷ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ያለ ምንም ቅሬታ፣ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደሚል ሰው ተናገረች፤ «አባባ ይሰፋልኛል። ግን አይሰጠኝም።»

አባ ፈትሽ ሜትሩን አንስቶ ከማዶ ሆኖ ቁመቷን በዓይኑ መለካት ጀመረ።

ሰኞ ጠዋት ደግሞ አንዲት ነርስ ደንበኛው መጣች። ነጭ ጋውኗን ወገቡን አጥብብልኝ ብላ ከሰጠች አምስተኛ ወሯ ነው። ስምንት ጊዜ ተመላልሳ ስምንቴ «ነገ» ተብላለች። በዚህ ቀን ግን ዱካውን ስባ ተቀመጠችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሳልወስድ ንቅንቅ አልልም።»

ምን ያድርግ? እፊቷ መፈተሽ ጀመረ። ቆጠረ። ደገመ። ማግኔቱን አዳረሰ። ዳበሰ። ላቡ በጆሮው ሥር ወረደ። ነርሷ አልሳቀችበትም፣ ሰዓቷንም አላየችም፤ እሱ ራሱ የሰው ስፌት ሲያይ እንደሚያይ፣ አስተውላ አየችው።

«ስንት ጊዜ ነው?» አለችው በመጨረሻ።

«ምኑ?»

«ዳበሳው።»

«... ሰባት።»

«ስድስት ላይ ቢያቆሙስ?»

አባ ፈትሽ በሰው ፊት ልብሱን እንደገፈፉት ሰው ሆነ። ለሰው ነግሮት የማያውቀውን ነገር ይህች ልጅ ከዱካ ላይ ሆና አነበበችው።

«የምሠራው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው» አለች ነርሷ ቀስ ብላ።

መጋረጃው ተገለጠና ሚስቱ መቀስ እንደያዘች ወጣች። «ባሌ እብድ አይደለም!»

«እብድ ነው ያለ ማን አለ፣ እትዬ? እኔ ያልኩት ደክሟቸዋል ነው። ይሄ ነገር ስም አለው፤ ኦሲዲ ይባላል። አንድ የሚያስፈራ ሐሳብ ይመጣና አልሄድ ይላል፤ ሰውየው እሱን ለማባረር አንድ ነገር ይደጋግማል። አንዱ እጁ እስኪላጥ ይታጠባል፤ አንዷ ምድጃው ጠፍቷል አልጠፋም እያለች ከመንገድ ትመለሳለች። የጋሼ ደግሞ ስፒል ነው። መድኃኒት አለው፣ ሕክምና አለው፣ ብዙ ሰው ይሻለዋል።»

አባ ፈትሽ ከዚህ ሁሉ አንዷን ቃል ብቻ ያዘ። «ሌላም ሰው አለ?»

«ሞልቷል።»

ሦስት ዓመት ሙሉ በዓለም ላይ ብቸኛው ጉደኛ እኔ ነኝ ብሎ የኖረ ሰው፣ ሞልቷል ሲባል ምን ያህል ደስ እንደሚለው የደረሰበት ያውቀዋል። እዚያው ማግኔቱን ይዞ ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ እንባው መጣ። ሚስቱ መቀሱን አስቀመጠች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ስልህ አልነበር?» አለችው። ብላው አታውቅም፤ ግን በሷ ቤት ሁልጊዜ ብላለች።

ሐሙስ ዕለት ሁለቱም ሄዱ። ሐኪሙ ክኒን አዘዘለትና ለመሥራት ሳምንታት እንደሚፈጅ፣ እስከዚያ እንዳያቋርጥ ነገረው። ከዚያ የነርሷ ክፍል ገቡ። ሦስት ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ መስኮቱ ላይ ቅጠሏ በክር የታሰረች አበባ። አባ ፈትሽ ክሩን አየና «ቋጠሮው ልክ አይደለም» አለ። ነርሷ ሳቀች።

«እንግዲህ ይስሙኝ፣ ጋሼ» አለች። «ክፉ ሐሳብ ለሁሉም ሰው ይመጣል። እኔ ትናንት ልጄን አቅፌ ደረጃ ስወርድ "ብጥላትስ?" የሚል መጣብኝ። መጣ፣ አለፈ። እርስዎ ግን ሲመጣ ወንበር ይስቡለታል። ሲፈትሹለት ደግሞ ምሳ አበሉት ማለት ነው። የበላ እንግዳ ነገም ይመጣል።»

«ታዲያ ላባርረው?»

«አያባርሩት! ሲያባርሩትም ጨዋታ ያገኛል። ይምጣ፣ ይቀመጥ። እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ። ምሳ ግን የለም። ሲርበው ራሱ ይነሳል።»

ወረቀት ላይ መሰላል ሣሉ። ከታች ቀላሉ፣ ከላይ ከባዱ። የመጀመሪያው እርከን፦ አንድ መሐረብ ሰፍቶ፣ ሳይቆጥር፣ ሳይዳብስ፣ ለፀጉር አስተካካዩ መስጠት። ከዚያ የትራስ ልብስ፣ መጋረጃ፣ ሱሪ፣ እያለ ወደ ላይ። በስምንተኛው እርከን ላይ ነርሷ የነገሯትን ይዛ «ቀይ ኮት» ብላ ጻፈች። አባ ፈትሽ እስክሪብቶውን ተቀበላትና ከሱ በላይ በራሱ እጅ አንድ ቃል ጨመረ፦ «ማቀፍ።»

«አሁን ደግሞ እርስዎ፣ እትዬ» አለች ነርሷ ወደ ሚስቱ ዞራ። «እርስዎም ሥራ አለብዎት። "የለበትም"፣ "አየሁት"፣ "እርግጠኛ ነኝ" ማለት ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። እሱ ለበሽታው ምሳ ነው።»

«ታዲያ ሲጠይቀኝ ዝም ልበል?»

«"እንጃ" ይበሉ።»

«እኔ?» አለች ሚስቱ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «እኔ እንጃ ልበል?»

አባ ፈትሽ ከልቡ ሳቀ። «ልጄ፣ የኔን መሰላል ለሷ ስጫትና የሷን ለኔ አድርጊልኝ። የሷ ይከብዳል።»

እውነትም ከበዳት። በአውቶቡስ ሲመለሱ መስኮቱን እያየች «እንጃ... እንጃ...» ስትል ትለማመዳለች። ትኬት ቆራጩ መጥቶ «የት ነው የሚወርዱት፣ እናቴ?» ቢላት «እንጃ!» አለችው። በዚህ ምክንያት ሁለት ፌርማታ አልፈው ወረዱ።

መሐረቡ የተሰፋው በማግስቱ ነው። አባ ፈትሽ ስፒሎቹን ነቅሎ ቆርቆሮው ውስጥ ጣለና ክዳኑን ገጠመው። ሳይቆጥር! ልቡ ከስፌት መኪናው በላይ ይመታል። መንገዱን ተሻግሮ «እንካ» አለው ፀጉር አስተካካዩን።

«ምንድነው?»

«መሐረብ።»

«ፈትሸኸዋል?»

«ተቀበለኝ አንተ ሰው!»

ፀጉር አስተካካዩ ተቀበለውና እዚያው፣ በዚያው ቅጽበት፣ ያለ ርኅራኄ ተናፈጠበት። አባ ፈትሽ ዓይኑን ጨፈነ። ምንም የለም። ደግሞ ተናፈጠ። አባ ፈትሽ ወደ ሱቁ ተመለሰና ዱካው ላይ ቁጭ አለ። ፍርሃቱ ወጣ፣ ወጣ፣ ጉሮሮው ላይ ደረሰ። አሁን ይገለኛል ሲል መውጣቱን አቆመ። ከዚያ ነርሷ እንዳለችው ቀስ እያለ ወረደ። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ምሳ ያጣው እንግዳ ሄደ።

«መሐረቡ ላይ ስፒል የለበትም አይደል?» አለ ማምሻውን፣ ከአፉ አምልጦት።

ሚስቱ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። አፏ «የ» ሊል ተዘጋጅቶ ነበር፤ እንደ ምንም መለሰችው። «እን... ጃ።»

«ምን ማለት ነው እንጃ?»

«እንጃ ማለት እንጃ ነው! ይኖር ይሆናል። ላይኖርም ይችላል። ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ አትሁንብኝ!» አለችና ራሷም ደነገጠች። ተያዩ። ሁለቱም ፈነዱ። ሳቃቸው መንገድ ተሻግሮ ተሰማ።

ነገሩ ግን ሁሌ በሳቅ አልሄደም። የመጋረጃው እርከን ላይ ወደቀ። አንዲት ደንበኛ መጋረጃዋን ይዛ የመንገዱን ጥግ ልትታጠፍ ስትል ሐሳቡ ያዘውና አንድ እግሩ ነጠላ ጫማ፣ አንድ እግሩ ባዶ ሆኖ ሮጦ ደረሰባት፤ መንገድ መሃል መጋረጃ ዘርግቶ ዳበሰ። አላፊ አግዳሚው ሊሸጥ መስሎት «ስንት ነው?» አለው። አፍሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ለነርሷ ነገራት።

«ስንቴ ዳበሱት?»

«ሁለቴ።»

«ድሮ ሰባት ነበር። መጋረጃውን እንደገና እንሞክረዋለን፤ መሰላል ላይ አንድ እርከን ያንሸራተተው ሰው መሬት ወረደ አይባልም» አለችና ቀጠሮ ሰጠችው።

ሌላ መጋረጃ ሰፋ። ሳይሮጥ ቀረ። ከዚያ ሱሪ። ከዚያ የእርግዝና ቀሚሱ፤ ደንበኛዋ ወስዳው ለሁለተኛው ይሆነኛል አለች። የሙሽራው ሙሉ ልብስ ሲወጣ ሙሽራው ወፍሮ አልበቃው አለ፤ ሊያሰፋው ትቶት ሄደ፤ ግን ቢያንስ ያሁኑ ጥፋት የአባ ፈትሽ አይደለም። በዘንጉ ላይ ልብሶቹ እየሳሱ መጡና አንድ ቀን በመካከላቸው የኋላው ግድግዳ ታየ። ግድግዳው ሰማያዊ ነበር። ባልና ሚስቱ ረስተውት ነበር። ፀጉር አስተካካዩ በመስታወቱ አይቶ ደንበኛውን «ኬላው ሊነሳ ነው» አለው።

መዋዕለ ሕፃናቱ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ አስተማሪ ደንበኛው መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ሱቁ ውስጥ ገብቶ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ አንድ ነገር ጠረጴዛው ላይ ጠብ አደረገ።

ስፒል።

«የአንተ ናት መሰለኝ» አለ። «ያን ግራጫ ሱሪ ሰፍተህልኝ አልነበር፣ የዛሬ ሁለት ዓመት? አንተ ልስጥ አልስጥ ስትል እኔ ነጥቄህ የሄድኩትን? ሚስቴ ትናንት ጠርዙን ስትፈታው ወጣች። ሁለት ዓመት አብራኝ ስታስተምር ነበር።»

አባ ፈትሽ ፊቱ አመድ ለበሰ። ሦስት ዓመት የፈራው ነገር ይኸው ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። «ወ... ወግታሃለች?»

«አንድ ጊዜ ቁርጭምጭሚቴን ቸከል ያደረገኝ ነገር ነበር። ትንኝ መስሎኝ በጥፊ መታሁት።»

«አይሆንም! ያን ሱሪ አስታውሰዋለሁ። ዘጠኝ ጊዜ ነው የቆጠርኩት! ዘጠኝ ጊዜ አርባ ሞልቷል! አርባ ከሞላ እንዴት...»

ከኋላ ክፍል አንድ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ሳል መሰለ። ከዚያ የቁልፍ ሣጥን ወደቀና ቁልፎቹ ወለሉን ሞሉት። ሚስቱ መጋረጃውን ይዛ ብቅ አለች፤ እየሳቀች ነው፣ እያለቀሰችም ነው፣ የትኛው እንደሚበልጥ እሷም አታውቅም።

«አርባ የሞላው እኔ ስለሞላሁት ነዋ!» አለች።

«ምን?»

«ትዝ ይልሃል፣ አንድ ቀን ሠላሳ ዘጠኝ ሆነና ያለቀለትን ካፖርት ገበሩን ተርትረህ የጣልከው? ያን ጊዜ አይቼህ አንጀቴ አልቻለም። በማግስቱ አንድ ፓኮ ስፒል ገዝቼ የቁልፍ ሣጥኔ ሥር ደበቅኩ። ቆጠራው ሲጎድል፣ ዞር ስትል አንዷን ጠብ አደርጋለሁ። አርባ ይሞላልሃል። ታርፋለህ። እኔም አርፋለሁ።»

አስተማሪው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ስንት ጊዜ?» አለ አባ ፈትሽ። «ስንት ጊዜ ነው የጨመርሽው?»

ሚስቱ ልትመልስ አፏን ከፈተች። በጣቷ ቆጠረች። ጣሪያውን አየች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳትለማመድ፣ ነርስ ሳያዛት፣ እውነቷን ተናገረች።

«እንጃ!»

አባ ፈትሽ ሊቆጣ ፈለገ። ቁጣውን በደረቱ ውስጥ ፈለገው፤ የለም። በሱ ፋንታ ያገኘው ሌላ ነገር ነው። ያ ሁሉ ቆጠራ፣ ያ ሁሉ አርባ፣ የቆመው እሱ ዞር ባለ ቁጥር ይህች ሴት በምትጥላት ስፒል ላይ ነበር። እንደ አስተማሪው ልብሱን ነጥቆ የሄደ ስንቱ ደንበኛ በኮሌታው፣ በጠርዙ፣ በገበሩ ስፒል ይዞ በከተማው ሲመላለስ ኖሯል! ሰርግ ሄዷል፣ ሥራ ውሏል፣ ትንኝ መስሎት ቁርጭምጭሚቱን መትቷል። እሱ ደግሞ እዚህ ተቀምጦ ሰባት ጊዜ ይዳብሳል። ከሆዱ የጀመረ ሳቅ ያዘው፤ ጠረጴዛውን ተደገፈ፤ አስተማሪውም ያዘው፤ ሦስቱም ወለሉ ላይ ተንበርክከው ቁልፍ እየለቀሙ ሳቁ። በመሃሉ የሚስቱን እጅ ያዘና ሳመው። ሦስት ዓመት ሙሉ እሷም ከሱ ጋር ስትቆጥር እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባው።

ነርሷ ታሪኩን ስትሰማ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ጣቷን ቀሰረች። «ግን ጋሼ፣ አሁን ደግሞ "ስፒል ቢቀርም ምንም አይሆንም" እያሉ እሱን እንዳይደጋግሙ። እሱም ፍተሻ ነው። አንዳንዴ ይወጋ ይሆናል።»

«ላይወጋም ይችላል» አለ አባ ፈትሽ።

«የትኛው ነው ታዲያ?»

ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ። «እንጃ።»

በዚያው ዕለት አዲስ ፓኮ ስፒል ገዛና በአሮጌው ላይ ገለበጠው። የቆርቆሮው ስፒል ቁጥር ከዚያ ወዲያ የሚታወቅ አልሆነም።

ቀዩ ኮት ያለቀው ከመዋዕለ ሕፃናቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ባለ ሁለት ኪስ፣ እጅጌው ለማደጊያ ትንሽ ረዘም ያለ፣ ቁልፎቹን ሚስቱ የተከለችበት። የመጨረሻዋን ስፒል ነቀለና ቆርቆሮው ውስጥ ጣላት። የመጨረሻዋ ናት? እንግዳው ከች አለ። «ቢሆንስ?» አለው። የሕፃኑን አንገት አሳየው፤ ይህ ደግሞ ያልታወቀ ሕፃን አይደለም፣ የልጅ ልጁ አንገት ነው። የአባ ፈትሽ መዳፍ ወደ ስፌቱ ተንቀሳቀሰ። ሚስቱ ከበሩ ሥር ቆማ ከንፈሯን ነክሳ ታየዋለች።

«ና፣ ተቀመጥ» አለ አባ ፈትሽ ጮክ ብሎ። «ምሳ ግን የለም።» ኮቱን አጠፈ፣ ጠቀለለ፣ ክሩን አሰረ፤ አንዴ ብቻ አሰረ።

ልጅቷ ከእናቷ ጋር መጣች። እንደ ልማዷ ከጠረጴዛው ማዶ ቆመች፤ ቦታዋን ታውቃለች። አባ ፈትሽ ተነሳ። ጠረጴዛውን ዞረ። ያ ጠረጴዛ ሁለት እርምጃ የሚዞር ጠረጴዛ ነው፤ ለመዞር ሦስት ዓመት ፈጀበት። እፊቷ ተንበረከከና ጥቅሉን ሰጣት።

ቀዩ ኮት ወጣ። ልጅቷ ለበሰችው። እጆቿን ኪሶቹ ውስጥ ከተተች፣ ወደ ቀኝ ዞረች፣ ወደ ግራ ዞረች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላትና ቀና ብላ በጥርጣሬ አየችው። ምን ታድርግ፣ የአባ ፈትሽ የልጅ ልጅ ናት።

«አባባ፣ ፈትሸኸዋል?»

«አልፈተሽኩትም።»

«ስፒል አለው?»

እናቷ «የለውም» ልትል አፏን ከፈተች፤ ሚስቱ በፍጥነት እጇን የልጇ አፍ ላይ አደረገች። የአባ ፈትሽ ላብ በጆሮው ሥር ወረደ።

«እንጃ፣ የኔ እናት» አለ።

ልጅቷ ነገሩን አሰበችበት። አንድ ጊዜ ኪሷን፣ አንድ ጊዜ አባባን አየች።

«እሺ» አለች። «ከወጋኝ እነግርሃለሁ።»

ሁለት እጆቿንም ዘረጋችለት።

አነሳት። ከጠበቀው በላይ ትከብዳለች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ያላነሳት ልጅ ናትና። ጉንጯ ጉንጩ ላይ፣ ደረቷ ሸሚዙ ላይ ተለጠፈ። መዳፉ ጀርባዋ መሃል ባለው ረጅም ስፌት ላይ አረፈ። አልዳበሰም። ዝም ብሎ እዚያው ተቀመጠ። ሚስቱ ወደ ግድግዳው ዞራ አፍንጫዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

ትንሽ ቆይቶ ልጅቷ አፏን ወደ ጆሮው አስጠጋች።

«እስካሁን አልወጋኝም» አለችው።

እሱ ግን አልጠየቃትም ነበር።